ገመዱ ወደ ወደብ የወረደ ዕለት

የገመዱ ራስ የዳቦ ጋጋሪውን ማዕዘን ሲታጠፍ ጅራቱ ገና ከገመድ ቤቱ በር አልወጣም ነበር። ስልሳ ያህል ወንዶች አንድ ረድፍ ሠርተው፣ እንደ ጎልማሳ ጭን የወፈረውን የመልሕቅ ገመድ በቀኝ ትከሻቸው ተሸክመው ቁልቁል ወደ ወደቡ ይወርዳሉ። ከፊት የሚመራው አውራጅ «ግራ!» ሲል የሁሉም ግራ እግር እኩል ድንጋዩን ይመታል፤ «ያዝ!» ሲል የሁሉም ትከሻ እኩል ይጠብቃል። ሴቶች በየመስኮቱ ብቅ ብለዋል። ትኩሱ የቅጥራን ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። አንድ ሰካራም ከመጠጥ ቤት ደጃፍ ቆሞ «ይህ እባብ መቼ ነው የሚያልቀው?» እያለ ይጠይቃል፤ ሰልፉ መንገዱን ስለዘጋበት ወደ ቤቱ መሻገር አቅቶት ነበር።

ጅራቱን የያዘችው ቋጠሮ ናት። የወላጅ ስሟ ይህ አይደለም። ባሏ ነው በሕይወት ሳለ ያወጣላት፣ አንዴ የጨበጠችውን ስለማትለቅ። ባሏ ዛሬ የለም፤ ስሙ ግን ተጣብቆባት ቀርቷል። ወገቧ ላይ የጅራት ያዥ አጭር ቢላዋ ታጥቃለች። በጎኗ ቅጥራን አፍዪው ባልዲውን አንጠልጥሎ ይከተላታል፣ መንገድ ላይ የተላጠ ቦታ ቢገኝ ለመቀባት።

«ፊትሽን አስተካክይው እንጂ» አላት በሹክሹክታ። «ሠርግ የምትሄጂ ነው የምትመስይው።»

«ሠርግ ነው።»

«ኧረ ተይ! አንቺኮ ዓመት ያልሞላሽ መበለት ነሽ። ቢያንስ እስከ ወደቡ ድረስ አኩርፊ።»

ቋጠሮ ለማኩረፍ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣችው በደስታ ነው። ምስጢሩን ከእሷና ከቅጥራን አፍዪው በስተቀር የሚያውቅ ነፍስ የለም፤ የዚህ ገመድ ሆድ የበሰበሰ ነው። ላዩ ምርጥ ቃጫ ነው፣ ያማረ፣ የጠበቀ። ውስጡ ግን ካረጁ የመርከብ ገመዶች እየተፈታ የወጣ፣ የባሕር ጨው የበላው፣ በጣት ሲያሹት የሚበን ክር ነው። ክረምቱን ሙሉ እንደ ሁሉም ፈታይ ቃጫውን በወገቧ ጠምጥማ፣ በረጅሙ ቤት ውስጥ የኋሊት እየሄደች ስትፈትል፣ ማንም ሳያይ ያንን እያስገባች ነው የከረመችው። ቅጥራን አፍዪው ደግሞ ደጋግሞ እያጠቆረ አዲስ አስመሰለላት። ሁለቱን ጫፎች ብቻ ደህና አደረገቻቸው፤ የሚፈተሹት ጫፎቹ ናቸዋ።

ይህን ገመድ የሚወስደው የጦር መርከብ ከነገ ጀምሮ ከወደቡ ውጭ፣ ጥርስ ከሚባሉት አለቶች ፊት ለፊት መልሕቁን ጥሎ ይቆማል፤ ያለ ፈቃድ የሚወጣ ጀልባ ካለ ለመያዝ። ወሩ የነፋስ ወር ነው። የመጀመሪያው ብርቱ ነፋስ ሲነሳ ገመዱ ይበጠሳል፣ መርከቡም አለቱ ላይ ይወጣል። በዚያ መርከብ ላይ ባሏን የሰቀለው አዛዥ አለ። ባሏን ያሳሰረው፣ ክር ቆጣሪ የሚሉት የንጉሡ ሹምም፣ መርከቡ ጥበቃውን ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ወደብ ሊሻገር፣ ዕቃውን ጭኖ በዚያው ላይ ሊያድር ነው። ቋጠሮ ከዚህ ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። በገመድ ቤት አንድ የቆየ ደንብ አለ። ትልቅ ገመድ ተገምዶ ሲያልቅ ጫፉ ተንጨፍሮ ስለሚቀር ጥቂት ክንድ ያህል ይቆረጣል። ያ ቁራጭ የሠራተኛው ነው፤ «ጫፍ» ይሉታል። ሠራተኛው ቤቱ ወስዶ ይፈታዋል፣ ክሩን መልሶ ቀጭን ገመድ ይገምድበታል። አያቶቻቸው ባሕር ተሻግረው ይህን ዳርቻ ሲያቀኑ ይህን ደንብ ይዘውት መጥተዋል። በሰፈሩ የጫፍ ገመድ የሌለበት ቤት አይገኝም፤ አንዱ ባልዲ ያስርበታል፣ አንዱ በግ፣ አንዱ ለልጁ ዥዋዥዌ ይሰቅልበታል። ይህን ሌብነት ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ጤናውን ይጠረጥሩት ነበር።

ባሕር ማዶ ያለው መንግሥት ብዙ ነገር አድርጓቸዋል። መጀመሪያ ቃጫ ከንጉሡ መርከቦች ውጪ ለማንም እንዳይሸጥ አዘዘ፤ አጉረመረሙና ዋጡት። ቀጥሎ የገመዱን ዋጋ ገመድ ቤት አይተው የማያውቁ ሰዎች ባሕር ማዶ ተቀምጠው ይቆርጡት ጀመር፤ ይህንንም ተራግመው ዋጡት። ከዚያ ጀልባ ያለ ፈቃድ ከወደብ አይወጣም ተባለ። በዚህ ሁሉ መሀል የገመድ ቤቱ ጌታ፣ የቋጠሮ አማት፣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሉት፦ «ንጉሡ አያውቁም። ሹሞቹ ናቸው እንጂ እሳቸው ይህን ቢሰሙ ዝም አይሉም።» ሦስት ጊዜ አቤቱታ ጻፉ። ለሦስተኛው መልስ መጣላቸው፤ ግርማዊነታቸው በገመዱ ጥራት እጅግ መደሰታቸውን የሚገልጽ። ሽማግሌው መልሱን በመስታወት አስደርገው ከሥራ ወንበራቸው በላይ ሰቀሉት።

ከዚያ ክር ቆጣሪው መጣ። ስም አለው፣ ማዕረግም አለው፤ ሰፈሩ ግን ክር ቆጣሪ ብሎ ጠራው። ይዞት የመጣው አዲስ ሕግ በእያንዳንዱ ገመድ ልብ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ክር ይግባ፣ ሰማያዊ ክር ያለበት ሁሉ የንጉሡ ንብረት ነው የሚል ነበር። ገማጆቹ አስገቡ፤ ምን ገዷቸው። ጫፋቸውንም እንደ ወትሮው ወደየቤታቸው ወሰዱ። ደንብ በሕግ ይሻራል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ስህተታቸው ይህ ነበር። አንድ ማለዳ ክር ቆጣሪው ወታደሮች አስከትሎ በየቤቱ እየገባ የባልዲውንም የበጉንም ገመድ እየፈታ ያይ ጀመር። ሰማያዊ ክር ያልተገኘበት ቤት አልነበረም። ሰፈሩን በሙሉ መስቀል ስለማይቻል አንድ ሰው ለመቀጣጫ ተመረጠ፤ የጌታው የመጀመሪያ ልጅ፣ የቋጠሮ ባል።

ፍርዱ መርከቡ ላይ ነው የተሰጠው። ባሏ «ጫፍ ነው» አለ፤ ሌላ ምን ይበል? አዛዡ «የማን ጫፍ?» ብሎ ጠየቀና መኮንኖቹ ሳቁ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከመርከቡ ምሰሶ ላይ ሰቀሉት፣ በዚያው የገዛ ባልዲው ገመድ። ቋጠሮ እሱ ሲሰቀል እያየች አላለቀሰችም። ሬሳው ከወረደ በኋላ ግን ክር ቆጣሪው ተንበርክኮ ገመዱን ከአንገቱ ፈታ፣ በጥንቃቄ ጠቀለለ፣ ብብቱ ሥር አድርጎም ወደ ግምጃ ቤቱ ይዞት ሄደ። የንጉሥ ንብረት ነዋ! ያን ጊዜ ነው አንጀቷ የተቆረጠው። ያን ጊዜ ነው እንኳን እነዚህን ሁለት ሰዎች፣ የላካቸውን አገር ሁሉ ባሕር ቢውጠው ዓይኗን እንደማታሽ የገባት።

ሽማግሌው ልጃቸውን ቀብረው ሲመለሱም ያንኑ አሉ፤ «ንጉሡ አያውቁም።» ቋጠሮ ያን ዕለት ማታ አማቷን በትራስ ልታፍናቸው ምንም አልቀራትም ነበር። ሆኖም ራት አቀረበችላቸው።

ሰልፉ ወደቡ ደረሰ። በድንጋይ የተነጠፈው ጭነት መውረጃ ላይ ወታደሮች ከገመዱ በስተቀኝ ረድፍ ሠርተው ይጠብቁ ነበር። ጌታው የክት ካባቸውን ደርበው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ከፊት ቆመዋል። ክር ቆጣሪው የገመዱን ራስ አስቁሞ በሚያብረቀርቅ ወረንጦ ፈልፍሎ ተመለከተ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ በየጉንጉኑ ልብ ሰማያዊው ክር ተኝቷል።

«እጅግ ንጹሕ ሥራ ነው» አለ ደስ ብሎት። ደግ ሰው ይመስል ነበር ሲናገር፤ ይህም ያናድዳል።

የመርከቡ አዛዥ ግን ከላይ ከመርከቡ መወጣጫ ሳንቃ ራስ ሆኖ «መሀሉንም ውጋው» አለ።

ቋጠሮ ጅራቱን አጥብቃ ጨበጠች። ቅጥራን አፍዪው ባልዲውን መሬት አስቀመጠ።

«ክቡር አዛዥ» አሉ ጌታው፣ ድምፃቸው ተለውጦ፣ «የመልሕቅ ገመድ መሀሉ አይወጋም። አንዴ ከተወጋ ውሃ ይገባዋል፣ ከዚያ ወዲያ ገመድ አይደለም። አባቴም አያቴም ለንጉሡ ገምደዋል፤ ማንም ገመዳችንን ወግቶብን አያውቅም።»

«ልቡ ደህና ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለኝ ታዲያ?»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «በሞተው ልጄ» አሉ። «በልጄ አጥንት እምላለሁ፣ ልቡ ደህና ነው።»

አዛዡ ትከሻውን ሰበቀና «ይግባ» አለ። ቅጥራን አፍዪው በረጅሙ ተነፈሰ። ቋጠሮን ግን መሐላው ወጋት። ሽማግሌው በባሏ አጥንት በሐሰት ማሉ፣ እሷ ናት ያስማለቻቸው፣ እሳቸው ደግሞ አያውቁም። ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። አንድ ነፋስ ብቻ ነው፣ አለች በልቧ፤ አንድ ነፋስ ይምጣ እንጂ ለሁሉም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አውራጁ «ግራ!» አለ፤ ሰልፉም መወጣጫውን ይዞ ወደ መርከቡ ይወጣ ጀመር። አውራጁ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። እሷን «እትዬ» ይላታል፤ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ በየማለዳው ውሃ የሚቀዳላት፣ እንጨት የሚፈልጥላት፣ ምንም ሳይናገር ወጥቶ የሚሄድ እሱ ነው። መርከበኞቹ የገመዱን ራስ ተቀብለው ወዲያው ከመልሕቁ ቀለበት ጋር ያስሩት ጀመር። ተሸካሚዎቹም ገመዱን እያስገቡ፣ እያስገቡ፣ ግማሾቹ መርከቡ ወለል ላይ፣ ግማሾቹ ምድር ላይ ሲሆኑ አዛዡ እጁን አነሳ። መርከቡ ላይ ያሉት ወታደሮች ጠመንጃቸውን ወደ ተሸካሚዎቹ መለሱ።

«በንጉሡ ስም!» ብሎ ጮኸ አንድ መኮንን። «መርከቡ ላይ ያላችሁ ወንዶች በሙሉ ከዛሬ ጀምሮ የባሕር ኃይሉ ናችሁ። ከቦታው የሚንቀሳቀስ ከዳተኛ ነው።»

 ከዚያ ከምድር የቀረች አንዲት እናት ጮኸች።

«ክቡር አዛዥ፣ ስህተት አለ!» አሉ ጌታው ወደ መወጣጫው እየተንደረደሩ። «እነዚህ ገማጆች ናቸው! የንጉሡ ገማጆች!»

«ሠላሳ ሰው በንዳድ ሞቶብኛል፣ አባት። መርከብ በጸሎት አይቀዘፍም።»

«ንጉሡ ይህን ቢሰሙ —»

«ንጉሡ?» አዛዡ ሳቀ፤ በክፋት አይደለም፣ በእውነት አስቆት። «ንጉሡ ራሳቸው ናቸው ያዘዙት። በየወደቡ የተገኘ ወንድ ይያዝ ብለው፣ በገዛ አፋቸው፣ እኔ ፊታቸው ቆሜ። ከእናንተ ወደብ ጀምር ነው ያሉኝ። ታዛዦች ናቸው አሉ።»

ሽማግሌው ቆመው ቀሩ። ኮፍያው ከእጃቸው ወደቀ።

ቋጠሮ ይህን ሁሉ ሰማች፤ የምታየው ግን አውራጁን ብቻ ነበር። መርከቡ ወለል ላይ፣ ገመዱን እንደተሸከመ፣ ዓይኑ ከሰው መሀል እሷን ይፈልጋል። ነገ በዚያ መርከብ ላይ ነው። ነፋሱ ሲመጣ በዚያ መርከብ ላይ ነው።

እውነቱ መነገር አለበት። ለአንድ አፍታ ዝም ልትል ወሰነች። ሁለቱም በዚያ መርከብ ሊሄዱ ነው፣ አዛዡም ክር ቆጣሪውም፣ እንደዚህ በአንድ ሳንቃ ላይ ዳግመኛ አታገኛቸውም። ሌሎቹም ይሂዱ፣ አለ ልቧ፤ ባሌ ሲሰቀል ማን ጮኸልኝ? ሁሉም አንገቱን ደፍቶ አልነበር የቆመው? ቂሟ ያን ያህል ጣፋጭ ነበር፤ ለእሱ ስትል ወንድም ቢኖራት እንኳ ትሸጠው ነበር። ከዚያ አውራጁ አያት። ፈገግ አለላት፣ አይዞሽ ለማለት። ሊያጽናናት!

«ቋጠሮ» አለ ቅጥራን አፍዪው፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ልጆቹ... ገመዱ...»

«አውቃለሁ።»

«ብትናገሪ ይሰቅሉሻል።»

«አውቃለሁ አልኩህ።» የገመዱን ጅራት ለቀቀች። በእጇ የያዘችውን በገዛ ፈቃዷ ስትለቅ ያየ ሰው ቢኖር ያ የመጀመሪያው ነው።

በተሸካሚዎቹ ጎን ሮጣ ከመወጣጫው እግር ደረሰች። ቢላዋዋን መዘዘችና ቅርቧ የቆመው ተሸካሚ ትከሻ ላይ ያለውን ገመድ እንደ በግ ሆድ ቀደደችው። ላዩ ጠንካራ ነበር፣ ታገላት፤ ሲከፈት ግን እጇን እስከ አንጓዋ አስገብታ አንድ እፍኝ ጥቁር ብናኝ አወጣች። ወደ ላይ ወደ አዛዡ ዘረጋችው።

«ይኸውልህ የገመድህ ልብ!» ብላ ጮኸች። «አንተን እንዲበላህ ነበር የሠራሁት! ጥርስ ላይ እንዲያወጣህ! የባሌን አንገት ያነቀውን እጅህን ዓሣ እንዲበላው!»

በዚያ ወደብ አዛዡን «አንተ» ያለ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ወታደሮቹ ራሳቸው ክው አሉ።

ክር ቆጣሪው ጠጋ ብሎ ከእጇ ላይ ብናኙን በጣቱ በተን አድርጎ አየ። «ሰማያዊው ክር ግን በቦታው ነው» አለ፣ ግራ ገብቶት። ከልቡ ግራ ገብቶት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በሕጉ ውስጥ አልተጻፈም።

«ማን ነው ያዘዘሽ?» አለ አዛዡ። አሁን አልሳቀም።

«እኔው ነኝ። ብቻዬን።»

«እሷ አይደለችም።» ጌታው ነበሩ። ቀስ ብለው መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ዓይናቸውን ዓይኗ ላይ ተከሉ፤ ቋጠሮ ጥፊ ጠበቀች፣ ጥፊው ይገባኛልም ብላ ነበር።

«በልጄ አስማልሽኝ» አሏት።

«አዎ አባባ።»

«በሐሰት።»

«አዎ አባባ።»

ሽማግሌው ካባቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወደ መርከቡ ዞሩና ቀና አሉ። «በቤቴ ያለ እኔ ፈቃድ አንዲት ክር አይፈተልም» አሉ። «ገመዱን ያበሰበስኩት እኔ ነኝ። ስታስብ ብትከርም ከዚህ የበለጠ ልክህን የሚያሳይህ ገመድ አታገኝም።» ዕድሜ ልኩን «ክቡር አዛዥ» ሲል የኖረ አፍ ነው «አንተ» ያለው።

«ሁለቱንም ያዟቸው!» አለ አዛዡ።

እዚህ ላይ የገመድ ተሸካሚን አንድ ወግ ማወቅ ያስፈልጋል። ከባድ ገመድ ከትከሻ የሚወርደው ሁሉም እኩል ሲጥሉት ነው፤ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ከሆነ የሰው ወገብ ይሰበራል። ስለዚህ አውራጁ «ጣል!» ሲል ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ወደ ግራ ይዘላሉ፣ ገመዱም ወደ ቀኝ ይወድቃል። የዚያ ሰፈር ልጅ እናቱ «ከገመድ በስተቀኝ እንዳትቆም» ስትለው ነው ያደገው። ከባሕር ማዶ ለመጡት ወታደሮች ግን ይህን የነገራቸው የለም፤ ምድር ላይም መርከብ ላይም በስተቀኝ ረድፍ ሠርተው ቆመዋል። ጌታው ደግሞ ገመድ ቤቱን ከመውረሳቸው በፊት ዘመናቸውን ሁሉ አውራጅ ነበሩ።

ደረታቸውን ሞልተው ተነፈሱና «ጣል!» አሉ።

ስልሳው ሰው ሳያስብ ዘለለ። ማሰብ አያስፈልገውም ነበር፤ እግሩ ያውቀዋል። ገመዱ እንደ ተናደ ግድግዳ በወታደሮቹ ላይ ወረደ። የአንዱ ጠመንጃ ከእጁ ወጥቶ በረረ፣ አንዱ ከነጫማው ባሕር ገባ፣ አንዱ ከገመዱ ሥር ሆኖ እናቱን ይጣራል። መርከቡ ላይ አውራጁ «ወደ ታች! ወደ ታች!» እያለ ሲጮህ ተሸካሚዎቹ በመወጣጫው ተንጋግተው ወረዱ። ከላይ ጥይት ተተኮሰ። የዳቦ ጋጋሪው ታላቅ ልጅ መወጣጫው ላይ ወድቆ አልተነሳም። ጌታውም ትከሻቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ በካባቸው ላይ ደም ሲሰፋ እንደ ቅጥራን ጠብታ ነበር የሚያዩት፣ በንቀት።

ያን ጊዜ ነው ወደቡ የተነሳው። ዓሣ አጥማጁ መቅዘፊያውን፣ በርሜል ሠሪው መዶሻውን፣ ሴቶቹ ከመንገዱ የነቀሉትን ድንጋይ ይዘው መጡ። ቃጫቸውን ሲነጠቁ፣ ዋጋቸው ሲቆረጥ፣ ጀልባቸው ሲታሰር አንገታቸውን የደፉ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ግን እያንዳንዱ የተፈታችውን የገዛ ባልዲውን ገመድ እያሰበ ነበር የሚመታው። በርሜል ሠሪው በየምቱ «ጫፍ ነው! ጫፍ ነው!» ይል ነበር።

መርከቡ ማሰሪያዎቹን በመጥረቢያ ቆርጦ፣ ገመዱንም ከመወጣጫው ራስ ላይ በጥሶ ከምድር ራቀ። አዛዡ ከወደቡ መሀል ሲደርስ መድፎቹን ወደ ከተማው ለማዞር መልሕቁን ጣለ፤ ያለ መልሕቅ መርከብ አንድ ቦታ ቆሞ አያነጣጥርም፣ ሌላ ገመድ ደግሞ የለውም። ወደቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን ገመዱ ላይ ተከለ። ገመዱ ተወጠረ። የመርከቡ ጎን ቀስ እያለ ዞረ፣ የመድፎቹ አፍ አንድ በአንድ ታየ። 

ተበጠሰ። ድምፁ እንኳ ይህን ያህል አልነበረም። መርከቡ በጎኑ እየተንሸራተተ ከወደቡ አፍ አጠገብ ካለው አሸዋ ላይ ወጥቶ ጋደል አለ፤ የመድፎቹ አፍ ግማሹ ሰማይ፣ ግማሹ ውሃ እያየ ቀረ። ጀልባዎቹ ያለ ማንም ፈቃድ ተገፍተው ወጡ።

ክር ቆጣሪው መርከቡ አልደረሰም ነበር። እግሩ ከገመዱ ሥር ተቀብሮ፣ ወረንጦው አጠገቡ ወድቆ ተገኘ። ሰው ከበበው። በርሜል ሠሪው መዶሻውን ከፍ አደረገ፣ አውራጁ ግን እጁን ያዘውና ወደ ቋጠሮ ተመለከተ። ሁሉም ወደ እሷ ተመለከተ።

«እትዬ፣ ያንቺ ነው» አላት።

ቅጥራን አፍዪው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ንጉሡ አሥር መርከብ ነው የሚልኩት» አላት። «ይህን ከነካነው መመለሻ የለንም።»

«መመለሻ ማን ፈለገ?»

ክር ቆጣሪው ቀና ብሎ አያት። «እኔ ሕጉን አላወጣሁም» አላት፣ በዚያው በደግ ሰው ድምፁ። «እመቤት፣ እባክሽ። እኔ የታዘዝኩትን ነው የፈጸምኩት።»

ቋጠሮ ጎንበስ ብላ ወረንጦውን አነሳችና ባሕር ውስጥ ወረወረችው። ማሩኝ እያለ የሚያለቅስ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ልቧ ይራራ ነበር። ሰውየው ግን ባሏን አላስታወሰውም፤ ፊቷንም አላወቀውም፣ ስለ ባሏ የጮኸችው እንኳ የማን ሚስት እንደሆነች አላስገነዘበውም ነበር።

«አትምቱት» አለች። «ማንም እንዳይነካው። አዛዡንም ከነነፍሱ አምጡልኝ። በሕግ ነው የሚሰቀሉት፣ በእኛ ሕግ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። ገመዱን እኔ ነኝ የምፈትለው።»

ከዚያ ትዝ አሏትና ወደ አማቷ ዞረች። ጌታው በርሜል ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አንዲት ሴት ትከሻቸውን በነጠላዋ ቅዳጅ ታስራለች። እኚህን ሰው ዕድሜ ልኳን ስታውቃቸው ደም ይቅርና የቁጣ ቃል ጠልተው የኖሩ ናቸው። ተዪ ቢሏት ትተወው እንደሆነ እሷም አታውቅም። ዓይናቸውን ከአሸዋው ላይ ከተጋደመው መርከብ አንስተው አዩዋት።

«ላይኛው መደርደሪያ ላይ ለንጉሡ ያስቀመጥኩት ረጅም ቃጫ አለ» አሏት። «ከሱ ውሰጂ።»